ፀሐይ ላይ የታሸው ጤና አዳም

መምህርቷ ሚስ ኮልቢ ከትምህርት ቤቱ ግሪንሃውስ በር አጠገብ ቆማ ነበር፤ በአንድ እጇ በሩን ገፍታ፣ በሌላው የውኃ ጎማ ይዛ። የልጅ ልጄ ሶልያና ከበሩ ገባ ብሎ ባለው ጠረጴዛ፣ ጥላው ውስጥ፣ የፍጁል ዘር እየቆጠረች በትንንሽ ክብ ሳህኖች ላይ ትደረድር ነበር። ጓደኛዋ ማሪሶል ደግሞ ውጭ ነበረች፤ ፀሐዩ መሀል በተዘረጋው ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ ቅጠል የሞላ ሳፋ ከፊቷ አድርጋ። ከጠረጴዛው ማዶ ሁለት ወንዶች ልጆች የባቄላ ችግኝ ሥር ያጥባሉ። ስማቸውን አላወቅኩም። እኔ በጠረጴዛው ጫፍ፣ ተጣጣፊ ወንበር ላይ፣ ጥላዬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። ከዚህ ሌላ ማንም አልነበረም። ማን የት እንደነበረ በኋላ ብዙ ስለተጠየቀ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ደሴ ተወልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እዚያው ጨረስኩ። ከዚያ እስከ ጡረታ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። የኦፕሬተር ሥራ ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው፤ ከተገናኙ በኋላ መስመሩን ለቆ ዝም ማለት። ጠባዬን ሥራው አምጥቶት ይሁን ሥራውን ጠባዬ መርጦት ይሁን አላውቅም፣ ብዙ አልናገርም። ልጄ ሐና ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ግራንድ ፕሬሪ ስታመጣኝ ሶልያና ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። እናቷም አባቷም ዌርሃውስ በፈረቃ ስለሚሠሩ አብራኝ ያደገች ያህል ነው። እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። ቀስ ተብሎ ሲነገር እሰማለሁ፤ መናገሩ ግን ያሳፍረኛል። ስለዚህ ክሊኒክም ባንክም ስሄድ የምታስተረጉምልኝ ሶልያና ነበረች። እሷም ጭራሽ የማልሰማ ይመስላት ነበር። እኔም እንዲያ አይደለም ብዬ አላውቅም።

ሶልያና ብዙ ነገር ጀምራ የተወች ልጅ ናት። ቮሊቦል ጀመረች፣ ተወች። ፒያኖ ተገዛላት፣ አቧራ ጠጣ። ሁለተኛ ደረጃ ገብታ የዕፅዋት ሳይንስ የሚባለውን ትምህርት ስትመርጥም እናቷ ብዙ ተስፋ አላደረገችም። ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። ትምህርቱ ከመጽሐፍ ይልቅ በእጅ የሚሠራ ነበር። ተማሪዎቹ ይዘራሉ፣ ይለካሉ፣ ሥሩን አጥበው በአጉሊ መነጽር ያያሉ። ሶልያና ጥፍሯ ውስጥ አፈር ይዛ ቤት መምጣት ጀመረች። እራት ላይ ስለ ቅጠል ቀዳዳ ስታወራ አባቷ ታደሰ ማንኪያውን አስቀምጦ ያያት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጓሮ ውስጥ ከአጥሩ ሥር የተከልኩትን ጤና አዳም ስኮተኩት መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ለምንድነው ምንም የማይበቅለው?»

«በሶብላ ዘርቼበት ነበር፤ እንቢ አለ። ጤና አዳም አይወድም።»

«ምን አይወድም?»

«ጎረቤት።»

ሳቀች። ሰኞ ለመምህርቷ ነገረቻት። ሚስ ኮልቢም፣ ሶልያና እንደነገረችኝ፣ ከቤት የመጣ ጥያቄ ከሁሉ ይሻላል አለች። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንድ ጥያቄ መርጠው ራሳቸው መሞከር ነበረባቸው። ሶልያናና ማሪሶል የጤና አዳም ጭማቂ የሌላ ተክል ዘር እንዳይበቅል ያደርጋል ወይ የሚለውን ያዙ። ሥራቸው ጥሩ የሆነ ሁለት ተማሪዎች ደግሞ ክረምቱን ፎርት ዎርዝ ባለ ኮሌጅ የዕፅዋት ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲሠሩ ሊላኩ ነው። ሶልያና የፈለገችው ያንን ነበር። ያቺ ልጅ አንድ ነገር ከልቧ ስትፈልግ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሚስ ኮልቢ ነይ ብላሻለች» አለችኝ አንድ ቀን።

«እኔ ምን ልሠራ?»

«ፕላንቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያን ቀን ጓሮ ለምንሠራው ታሳዪናለሽ። ማለቴ፣ እንዴት እንደሚቆረጥ ምናምን።»

«ምኑ ይታያል? ይቆረጣል እንጂ።»

«እማማ፣ ፕሊስ።»

ጓሮዬን ግማሹን ቆርጬ፣ እርጥብ ፎጣ ጠቅልዬበት፣ ሄድኩ። ጊዜው ግንቦት ነው። የቴክሳስን የግንቦት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቢሮ ስሜን ጽፈው ደረቴ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ለጠፉልኝና ሶልያና እጄን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ወሰደችኝ።

ሚስ ኮልቢ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ያሰረች፣ ጉልበቷ ላይ ጭቃ ያለባት ሴት ናት። ሁለት እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ከዚያ ሰማያዊ የላስቲክ ጓንት ለሁሉም አደለች። ለማንኛውም ቅጠል፣ ለማንኛውም አፈር ጓንት ይደረጋል አለች። ሁሉም አደረጉ። ለእኔም ሰጠችኝ፤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ጥቂት እንደቆየን አንዲት ሴት ከቢሮ መጥታ አፈር የጫነ መኪና በር ላይ ደርሷል አለች። ሚስ ኮልቢ ጎማውን አስቀምጣ፣ «አሁን እመጣለሁ» ብላ ሄደች።

ማሪሶል ቅጠሉን በጓንቱ ለማሸት ትታገል ነበር። ይንሸራተትባታል። በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አጉረመረመች።

«ምን አለች?» አልኩ፣ ሰምቼም ቢሆን።

«ጓንቱ ያንሸራትታል አለች» አለች ሶልያና ከውስጥ።

«ታዲያ ታውልቀው።»

«ሚስ ኮልቢ አድርጉ ብላለች እኮ።»

«ጤና አዳም ነው፣ ሚጥሚጣ አይደለም። አንቺን ሕፃን ሆነሽ ሲቆርጥሽ ያሸሁሽ በምን መሰለሽ?»

ሶልያና ሳቀችና ለማሪሶል ነገረቻት። ማሪሶል ቅጠሉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው፣ ፊቷ በራ። «ሩዳ ነው» አለች። ሜክሲኮ ያለችው አያቷ በር ላይ ትሰቅለዋለች፣ እሷም በባዶ እጇ ነው የምታሸው። ሶልያና ይህን ስትነግረኝ ደስ አለኝ። አንዲት የማላውቃት ባልቴት ከሩቅ አገር የመሰከረችልኝ መሰለኝ።

ተነሣሁ። ጥላዬን በግራ እጄ ከራሴ በላይ እንደያዝኩ የማሪሶልን ጓንት በጣቶቹ ጫፍ ይዤ ሳብኩት፤ ሁለተኛውንም። ጥቂት ቅጠል መዳፏ ላይ አድርጌ ጣቶቿን በጣቶቼ ከደንኩና እንዲህ ነው አልኳት፣ በአማርኛ። ገባት። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ልጅቱ ታታሪ ናት። ሳፋውን ሙሉ በሁለት እጇ አሸችው። አረንጓዴው ጭማቂ በጣቶቿ መካከል እየወጣ ወደ አንጓዋ ይወርዳል። ከወንዶቹ አንዱ፣ «ማሪሶል፣ ዛሬ ሳር ሆነሽ ልትቀሪ ነው» አላት። እሷም፣ «አንተ አፈር ሆነህ ከቀረህ እኔ በላይህ እበቅላለሁ» ብላ መለሰችለት። ሶልያና ከውስጥ ሆና ስትስቅ ዘር ተደባለቀባትና እንደገና ቆጠረች።

ሚስ ኮልቢ እስክትመለስ ረጅም ጊዜ ሆነ። ስትመጣ ጭማቂው ተጣርቶ ጠርሙስ ገብቷል። ማሪሶል እጇን በጎማው ውኃ ለቅለቅ አድርጋ በሱሪዋ ጠርጋለች። መምህርቷ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። እጅ ማንም አላየም። ከዚያ በአንዳንዱ ሳህን ላይ ጭማቂ፣ በአንዳንዱ በውኃ የቀጠነ ጭማቂ፣ በሌላው ንጹሕ ውኃ ብቻ አደረጉ። በንጹሕ ውኃው የበቀለውን ከሌሎቹ ጋር አወዳድረው ነው የሚያውቁት። ሶልያና በየክዳኑ ላይ ጻፈች። እጇ ሲጽፍ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ቁጭ ብዬ አየሁ። ያን ቀን የሆነ ነገር የሰጠኋት መሰለኝ።

በማግሥቱ ምንም የለም። ሶልያና ከትምህርት ቤት ስትመጣ ዘሩ ገና ነው አለችኝ። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ግን ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ኩሽና በር ላይ ቆመች።

«ማሪሶል አልመጣችም።»

«ምን ሆነች?»

ስልኳን ዘረጋችልኝ። ፎቶ ነበር። መጀመሪያ እጅ መሆኑን አላወቅኩትም። መዳፉ ደም መስሎ ቀልቷል፤ በጣቶቹ መካከልና አንጓው ላይ ውኃ የቋጠረ፣ ትልልቅ፣ ቢጫ እብጠት።

«የፈላ ውኃ ነው?»

«ጤና አዳም ነው።»

«አይደለም።»

«እማማ፣ ሰርች አደረግኩ። ጭማቂው ስኪን ላይ እያለ ፀሐይ ከመታው ያቃጥላል። ወዲያው አይታይም፣ ቆይቶ ነው። ያየቻት ናርስም ያንኑ አለች።»

እጆቼን አየሁ። ምንም የለባቸውም።

«አንቺ ጥላ ይዘሽ ነበር» አለች ሶልያና። እሷም በቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ ነበራት፤ በሌላው እጇ ደበቀችው።

ቁጭ አልኩ። እኛ አገር ጤና አዳም ጫፉ ተቀንጥሶ ነው የሚያዘው። ሳፋ ሙሉ ቅጠል በጠራራ ፀሐይ ሲያሽ የዋለ ሰው አላየሁም፣ አልሰማሁም። የማውቀውን ያህል አውቃለሁ ብዬ ከማውቀው በላይ አዘዝኩ።

ሐና ከሥራ ስትመለስ ልሄድ ተዘጋጅቼ አገኘችኝ። ነጠላዬን ለብሼ፣ ብርቱካንና ዳቦ በፌስታል ይዤ።

«ወዴት ነው?»

«ልጅቱን ልጠይቅ። ታደሰ ያደርሰኛል።»

«እማዬ፣ ቁጭ በይ።»

«ሰው ታሞ አይጠየቅም?»

«ይጠየቃል። ግን አሁን ብትሄጂ ጥፋተኛ ነኝ እንዳልሽ ነው የሚቆጠረው። እዚህ አገር ሰው ይከሳል።»

ታደሰ ከበሩ ጋ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ፣ «እርስዎ አይጨነቁ፣ እማማ» አለ። «ልጆቹ ይነጋገሩበታል። ጥቂት ይረጋጋ፣ እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ።»

ብርቱካኑን ወደ ፍሪጅ መለስኩት። ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ አንዷን ሰዓት ብቻ መልሼ ማግኘት ብችል ይህችን ነው የምመርጠው። ቀላል ነበር። ማሪሶል ቤት ገብቼ አልጋዋ አጠገብ ብቀመጥ፣ ያልኩትን እዚያ ብላት፣ ሌላው ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከትምህርት ቤቱ የተጠራነው ብዙም ሳይቆይ ነው። የልጆቹ ወላጆችና እኔ። ሐና ሺፍት ላይ ስለነበረች ታደሰ አድርሶን ወደ ሥራው ሄደ። ክፍሉ ትንሽ ነበር። ምክትል ርእሰ መምህሩ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሚስ ኮልቢ ግድግዳው ጋ፣ እጇን አጣጥፋ። ማሪሶል ሁለት እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ እናቷ አጠገብ ናት። እናትየው የሥራ ልብሷን አልቀየረችም፤ ደረቷ ላይ የስሟ ካርድ ተንጠልጥሏል። ስገባ ብድግ ብላ ወንበር ሰጠችኝ።

ምክትሉ፣ «ለአያትሽ በስልክ አስተርጓሚ ልናገናኝ እንችላለን» አለ።

«እኔ አለሁ» አለች ሶልያና፣ ቶሎ ብላ።

የማሪሶል እናት ሳትጠየቅ ጀመረች። እናቷ ይህንኑ ተክል እንደምታበቅል ተናገረች፤ እሷም ፀሐይ እንደሚያቆጣው አታውቅም ነበር። ሐኪሙ ይድናል ብሏል፣ ጥቁረቱ ለጥቂት ወራት ይቆያል እንጂ። ማንንም መክሰስ አልፈልግም አለች። የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀስ ስለምትል ሁሉንም ሰማሁ።

«መልካም» አለ ምክትሉ። «የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጓንት ለምን አልነበረም?»

«ረሳን» አለች ማሪሶል።

«ረሳን» አለች ሶልያና።

ሁለቱ አልተያዩም። ያን ጊዜ ተነጋግረው እንደመጡ ገባኝ።

ምክትሉ ጻፈ። «ከረሳችሁ የደኅንነት ትምህርቱን እንደገና ትወስዳላችሁ። ጭማቂውን ከዚህ በኋላ መምህርቷ ብቻ ትነካለች። ሥራችሁ ይቀጥላል።» ሚስ ኮልቢ የታጠፉ እጆቿን ፈታች። ሶልያና ከጉልበቷ ላይ እጇን አንሥታ ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረገች። የፎርት ዎርዙ ነገር ገና እንዳለ ነበር፤ ከፊቷ አየሁት።

ከዚያ ሰውየው፣ ለአክብሮት ያህል፣ «አያትሽ የሚጨምሩት አለ?» አለ።

«የምትጨምሪው አለ ወይ ይላል» አለች ሶልያና። «የለም ልበለው?»

«ንገሪው» አልኩ። «ጓንቱን ያወለቅኩት እኔ ነኝ። ልጅቱ ጥፋት የለባትም።»

«እማማ፣ አያስፈልግም።»

«ያልኩሽን ንገሪው።»

ወደ ሰውየው ዞረች። በእንግሊዝኛ፣ «አያቴ በጣም አዝናለች» አለችው። «ለማሪሶል ጸልያለች። እናመሰግናለን ትላለች።»

ሰውየው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀልኝ። የማሪሶል እናት ፈገግ አለችልኝ። ወረቀቱ ተሰበሰበ። ነገሩ አለቀ። ወንበሬን ወደ ኋላ መግፋት ብቻ ነበር የቀረኝ።

እኔ ግን እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ ሶልያና ክረምት አልነበረም። ልጅ ስለ እኔ ስትዋሽ ዝም ብዬ ልወጣ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። አስተዳደጌ ያ ነው፤ ያጠፋ ሰው ብድግ ብሎ እኔ ነኝ ይላል። አልኩም።

«ኖ» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ነው፣ ግን ወጣ። ልጅቷ የተናገረችው እኔ ያልኩትን አይደለም አልኩ። ጓንት እነሱ አልረሱም። እኔ አወለቅኩ፣ በእጄ። እሽው አልኩ። ከዚያ ሚስ ኮልቢን አየኋት፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል። ለእሷም መመስከር እንዳለብኝ ተሰማኝ። ስለዚህ ጨመርኩ።

«መምህርቷ ጥፋት የላትም» አልኩ። «እሷ አላየችም። እዚያ አልነበረችም።»

እኛ ዘንድ ያልነበረ ሰው አይጠየቅም። ያልነበረ ነጻ ነው። እኔ የማውቀው ይህን ነበር፤ በሩን የከፈትኩላት መስሎኝ ነበር።

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ድምፁን ሳይቀይር፣ ወደ ሚስ ኮልቢ ዞሮ፣ «አልነበርሽም?» አላት።

«አፈር ልቀበል ሄጄ ነበር» አለች።

«ልጆቹን ከጎብኚ ጋር ትተሽ?»

«ከአያቷ ጋር።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

ማሪሶል ፋሻዋን ታያለች። እናቷ ቀስ ብላ በራሷ ቋንቋ አንድ ቃል ተናገረች፤ ትርጉሙን አላውቅም። ሶልያና እኔን አየችኝ። ተቆጥታ አልነበረም። አንድ የማታውቀው ሰው አውቶቡስ ላይ ሲናገር እንደምታይ ነው ያየችኝ።

ውሳኔው በደብዳቤ ሳይሆን በሶልያና አፍ ነው ቤት የደረሰው። ከውጭ ተክል ማምጣት ቀረ። ጎብኚ ቀረ። ነገሩ እስኪጣራ የጓሮው ሥራ ቆመ፤ የዕፅዋት ሳይንስ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ክፍል ውስጥ ከመጽሐፍ ሊሰጥ ነው። ሥራው ስለተቋረጠ ከትምህርት ቤቱ ወደ ፎርት ዎርዝ የሚሄድ አይኖርም፤ ሶልያናም ሌሎቹም። ሚስ ኮልቢ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት አትመለስም ተባለ። እሷ ትታ ይሁን ተባርራ ሶልያና አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳት።

ያን ዕለት ማታ ሳህን እያጠብን ነው የተነጋገርነው። እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ።

«እንግሊዝኛ ትሰሚያለሽ» አለች።

«ጥቂት።»

«ሶ ሁልጊዜ ትሰሚ ነበር። ክሊኒክም።»

«ቀስ ካሉ።»

ብርጭቆ አጥባ ሰጠችኝ።

«እኔና ማሪሶል ተነጋግረን ነበር። የተቃጠለው የሷ እጅ ነው፣ እማማ። እሷ ካልከፋት፣ እናቷ ካልከፋት፣ አንቺ ምን አስቸኮለሽ?»

«እውነቱን ተናገርኩ።»

«አውቃለሁ። ለማን?»

ብርጭቆውን አደረቅኩት። ደርቆ ካለቀ በኋላም አደረቅኩት።

«ሳህኖቹስ?» አልኩ። «ዘሩ ያለባቸው?»

«ጣሏቸው።»

«በቅሎ ነበር ወይ?»

«አላየሁም» አለች። «የጣሏቸው ቀን ነው ልንቆጥር የነበረው።»

ይህን የምታነቡ ሁሉ እኔ መካሪ አይደለሁም፣ ለመምከርም አልጻፍኩም። አንዳንዶቻችሁ እውነት መናገር መቼ ጥፋት ሆኖ ያውቃል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ እንዲያ ብዬአለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም ብዬአለሁ። ሳስበው ግን ያን ቀን የተናገርኩት ለማሪሶል አልነበረም፣ ለሚስ ኮልቢም አልነበረም። ጥፋቱ ከበደኝና አወረድኩት። ያወረድኩት መሬት ላይ መስሎኝ ነበር፤ ሦስት ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ማንም አልጫነብኝም። ተበደለች የምላት ልጅ ራሷ ትታው ነበር። እኔ ለይቅርታ ወደሷ መሄድ ሲገባኝ ወደ ቢሮ ሄድኩ። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ፣ ከመናገራችሁ በፊት የምትናገሩት ለማን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቁ። ከዚህ የበለጠ የማውቀው የለም።

የተለወጠ ነገር ቢኖር፣ አሁን ክሊኒክ ብቻዬን እሄዳለሁ። ነርሷ ስትፈጥን ቀስ በይ እላታለሁ። ሶልያና አብሬሽ ልምጣ አትለኝም፣ እኔም ነይ አልላትም። ስድብ የለም፣ ኩርፊያ የሚባልም አይደለም። ሰላም ትለኛለች፣ ምሳ በላሽ ወይ ትለኛለች። እራት ላይ ስለ ቅጠል አታወራም። አባቷ ስለ ትምህርቷ ሲጠይቃት ደህና ነው ትላለች። ማሪሶል ቤት በመጨረሻ ሄጃለሁ፣ ታደሰ ወስዶኝ። እናቷ አብልታ አጠጥታ ሸኘችኝ። ማሪሶል እጇን ዘርግታ ጥቁረቱን አሳየችኝና ጓንት ያደረግኩ ይመስላል ብላ ቀለደች። ጉንጬን ሳመችኝ። እዚያ ቤት ያገኘሁት ደግነት ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ወደ ሚስ ኮልቢ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ከቤታችን በእግር ይደረሳል። ጎብኚ ስለማይገባ ቢሮ አልጠየቅኩም፤ የአትክልቱ ቦታ በሽቦ አጥር ከመንገዱ የሚለይ ስለሆነ በዚያ ዞርኩ። ጓሮውን ባዶ እያደረጉ ነበር። ችግኞቹን ነቅለው በሰማያዊ ገንዳ ይከታሉ፣ ባዶውን ሳጥን ያጥባሉ። ሶልያናና ማሪሶልም ነበሩ።

ሚስ ኮልቢ አየችኝና ወደ አጥሩ መጣች። ቤት ስለማመድ የሰነበትኩትን ተናገርኩ።

«አንቺን ለመጉዳት አልነበረም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ያሉትም እውነት ነበር። አልነበርኩም።»

«ሥራሽ ጥሩ ነበር። ልጄን አይቻታለሁ።»

ዞራ ወደ ሶልያና ተመለከተች። «እኔም አይቻታለሁ» አለች። ጣቶቿን በሽቦው ቀዳዳ አሳልፋ ጣቶቼን ነካ አደረገቻቸውና ወደ ልጆቹ ተመለሰች።

ማሪሶል ከሩቅ እጇን አውለበለበችልኝ። ሶልያና የያዘችውን ሳጥን አስቀምጣ መጣች። ላብ ፊቷ ላይ አለ።

«በዚህ ፀሐይ ለምን መጣሽ?»

«እንዲሁ ነው። ስትጨርሺ አብረን እንሂድ?»

«ገና ነኝ።»

«እጠብቅሻለሁ።»

«አይ፣ ሂጂ። ማሪሶል ታደርሰኛለች።»

«እራት ላስቀምጥልሽ?»

«እነሱ ጋ ነው የምበላው» አለች። ወደ ሳጥኖቹ ተመለሰች።

አጥሩን ይዤ ቆየሁ። ሳጥን አንሥታ አጠበች፣ ደፋችው፣ ሌላ አነሣች። ከዚያ ወደ ቤት ሄድኩ።